ጥሎሹ «በዛ» ያለ አባት

በአንዲት የወረዳ ከተማ አንድ ሰው ልጁን ሊድር ተዘጋጀ።

ሰውየው ባለጠጋ አልነበረም፤ ድኻም አልነበረም። ዕድሜውን በትምህርት ቤት ጨርሶ በጡረታ የሚኖር ርእሰ መምህር ነበር፤ ስሙም ይርዳው ይባላል። ኮቱ አንድ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ሲሄድ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው። ጎረቤቶቹ «ይርዳው ኩሩ ነው» ይሉታል። ኩሩስ ነበር። ነገር ግን ወገኖቼ፣ ኩራት አንድ ዓይነት ብቻ ነውን? በያዘው ነገር የሚኮራ ሰው አለ። ቢጠየቅ የማያፍር በመሆኑ የሚኮራም አለ። የዚህ ሰው ኩራት የትኛው እንደ ሆነ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

ሚስቱ ወይዘሮ ስንዱ በርበሬና ሽሮ እየሸጠች ቤቷን የደገፈች ሴት ናት። በከተማዋ ገበያ መካከል፣ ጥላ በሌለበት ሜዳ፣ ከፀሐይ ጋር ስትታገል ኖራለች። ልጃቸው ውባለም በዚያ በርበሬ ተምራ ነርስ ሆናለች።

የሚያገባት ልጅ ታዲዮስ ይባላል፤ በሙያ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ጨዋ ወጣት ነው። እናቱ በልጅነቱ ስለ ሞተች ያሳደገው አባቱ ነው። አባቱ ማን ነው? አቶ አስናቀ፣ የወረዳው አስተዳዳሪ።

ይርዳውና አስናቀ አዲስ የተዋወቁ ሰዎች አልነበሩም። አስናቀ ሹም ከመሆኑ በፊት የይርዳው ምክትል ነበር። በአንድ ቢሮ ተቀምጠዋል፤ አንዱን ሳሙና ተካፍለው እጃቸውን ታጥበዋል። ከተማዋ ተወካይ ልትመርጥ በተሰበሰበች ቀን በሕዝብ ፊት ቆሞ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ እጁ ንጹሕ ነው፤ ምረጡት» ያለው ይርዳው ነው። ሕዝቡም ይርዳውን አምኖ አስናቀን መረጠ፤ የወረዳውም ምክር ቤት አስተዳዳሪ አድርጎ ሾመው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በእኛ አገር ስለ ሰው የመሰከረ ሰው ዋሱ ነው። ዋስ ደግሞ ተበዳሪው ሲጠፋ «እኔን አይመለከተኝም» አይልም።

አስናቀ በተሾመ ጊዜ የመጀመሪያው ቃሉ ለገበያተኞቹ ሴቶች ነበር፤ «በዚህ ሜዳ ላይ ከፀሐይና ከዝናብ የምትጠለሉበት ሰፊ ጥላ እናሠራላችኋለን» አለ። እልል አሉለት። ጥቂት ቆይቶ ሜዳው በቆርቆሮ ታጠረ። ሴቶቹ «ጥላችን ሊሠራ ነው» ብለው ወደ መንገዱ ዳር ተገፉ። ከቆርቆሮው ጀርባ ግን ሰማያዊ መስታወት ያለው ፎቅ ብቅ አለ። የማን ነው? ማንም አልጠየቀም። ማን የማያውቅ ነበር? ሁሉም ያውቅ ነበር። ሁሉም አውቆ ማንም ካልጠየቀ ምን ይባላል? እኛ ትዕግሥት እንለዋለን። ሌባው ግን ፈቃድ ይለዋል።

ይርዳውስ? ይርዳውም አልጠየቀም። «ባለሀብት ገዝቶት ይሆናል» ብሎ ራሱን አጽናና። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ግን ያንን ፎቅ ላለማየት በወንዝ በኩል መዞር ጀመረ። ኩሩ ሰው ለምን መንገድ ይቀይራል? ያቺ ጥያቄ በሆዱ ትመላለስ ነበር።

እንዲህ እያለ ልጆቹ ተዋደዱ፤ ሽማግሌ ተላከ፤ ይርዳውም ልጁን ሰጠ። ከሠርጉ አስቀድሞ ባለው ሐሙስ የሙሽራው ወገን ጥሎሽ ይዞ መጣ።

ሥርዓቱን ታውቃላችሁ። ሚዜው ሻንጣውን ከፍቶ ለሙሽሪት የመጣውን ሁሉ አንድ በአንድ ከፍ አድርጎ ለሕዝብ ያሳያል። የሙሽሪት ወገን ደግሞ የመጣው ምንም ቢሆን «አነሰ» ይላል። ቢወዱትም አነሰ ነው፤ ቢደነግጡበትም አነሰ ነው። የሙሽሪት አባት በዚያ ቀን አይናገርም፤ ስለ እርሱ የሚከራከር ሰው ይቆማል። በዚህ ቤት ለክርክር የቆመው የይርዳው ታላቅ ወንድም ጋሽ ጌጡ ነበር፤ ምላሱ የማይጠገብ ሽማግሌ።

ሚዜው ቀሚስ አነሣ።

«አልታየንም» አለ ጋሽ ጌጡ። «እጅህ ነው ያጠረው ወይስ ቀሚሱ?»

«ቀሚሱስ እስከ መሬት ነው፤ መነጽርዎን ቤት ረስተው መጥተው እንዳይሆን።»

«መነጽሬንማ የተውሁት የሚታይ ነገር ይመጣል ብዬ ስላላሰብሁ ነው። አነሰ።»

ዳሱ በሳቅ ተሞላ። ነጠላ ወጣ፤ አነሰ ተባለ። ለእናቲቱ ካባ ወጣ፤ አነሰ ተባለ። ከዚያም ወርቅ መውጣት ጀመረ። ሐብል ወጣ፤ ሌላ ሐብል ተከተለው፤ አምባር ወጣ፤ የአንገት፣ የጆሮ፣ የእጅ። አንዲት አሮጊት ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ «ልጅቱን ሊያገቧት ነው ወይስ ሊያስሯት?» አለች። በአጠገቧ ያሉት ሳቁ፤ ሳቁ ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም።

በመጨረሻ ሚዜው በቀይ ጥብጣብ የታሰረ ቁልፍ አነሣ።

«ይህ ደግሞ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የሙሽሮቹ ቤት ቁልፍ ነው። ገበያው መካከል ያለው፣ ባለ ሰማያዊ መስታወቱ ፎቅ።»

ጋሽ ጌጡ አፉ ከልቡ ቀድሞ በልማድ «አነሰ» አለ።

የሙሽራው ወገን ተንከተከተ። ፎቅ አነሰ ተባለ ብለው በሳቅ እንባቸውን ጠረጉ። አቶ አስናቀም በክብር ወንበሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። ከዳሱ ጓሮ በኩል ግን የማይስቁ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። የወይዘሮ ስንዱ የገበያ ጓደኞች ናቸው፤ ፊታቸው በዚያ ሜዳ ፀሐይ የጠቆረ ሴቶች። ይርዳው ዞር ብሎ አያቸው። እነርሱ ግን አላዩትም፤ መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ ያፈሩት እነርሱ ይመስል።

ይርዳው ተነሣ።

የሙሽሪት አባት መነሣቱን ያየ ሁሉ ጸጥ አለ። ወንድሙ እጅጌውን ሳበው፤ አልተቀመጠም።

«በዛ» አለ።

እንዲህ ያለ ቃል በጥሎሽ ላይ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

«ምን አልህ ጋሽ ይርዳው?» አለ አስናቀ ገና ፈገግታው ከፊቱ ሳይጠፋ።

«በዛ አልሁ። አስናቀ፣ ደመወዝህን አውቀዋለሁ፤ የሹመትህም ደመወዝ የተሰወረ አይደለም። ይህ ቤት ከየት መጣ?»

የአስናቀ ፊት ተለወጠ። «ይህ የጋብቻ ዳስ ነው፤ ምርመራ ክፍል አይደለም። እናት የሌለው አንድ ልጅ አለኝ፤ ለእርሱ ብዬ የለፋሁበትን በሰው ፊት ልታዋርድብኝ ነው?»

«ሌባ ነህ አላልሁህም። ከየት መጣ አልሁህ። ላቡን ያፈሰሰ ሰው ከየት ሲባል ደስ ይለዋል፤ ይተርካል፤ እስኪሰለቸን ይተርካል። አንተ ለምን ትቆጣለህ?»

«በምን ሥልጣንህ ነው የምትጠይቀኝ?»

«በዚያ ቀን ቆሜ ምረጡት ስል በምን ሥልጣኔ ነበር? ያኔ አልጠየቅኸኝም። ዋስህ ነኝ። ዋስ ይጠይቃል።»

አስናቀ ከወንበሩ ተነሣ። «እንግዲያው ስማኝ። ቁልፉ የማይገባበት ቤት ልጄም አይገባም።»

«ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ቃሌ አይታጠፍም» አለ ይርዳው። «ልጅህ በመጣ ጊዜ በሬ ክፍት ነው። ቁልፉ ግን ከዚህ ደጃፍ አያልፍም።»

ወርቁ ወደ ሻንጣው ተመለሰ። የሙሽራው ወገን ካባውን ሳይቀር ይዞ ወጣ። መኪኖቹ አቧራ አንሥተው ሄዱ።

ወገኖቼ፣ እውነትን መናገር ቀላል ነው ያላችሁ ማን ነው? ከተናገሩት በኋላ ያለውን ሌሊትና ቀን ማን ነገራችሁ?

ወይዘሮ ስንዱ በባሏ ላይ ተነሣችበት። «አንተ ሰውዬ፣ ያ ሜዳ ያጠቆረው የእኔን ፊት ነው፤ የአንተን አይደለም። እኔ በተቃጠልሁበት መሬት ላይ ልጄ ፎቅ ብትወጣ ምን ጎደለብህ? መቼም ከሰዎቹ እጅ ላይወጣ፣ የእኔ ልጅ ብትኖርበት ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው? እሑድ ሰው ይመጣል፤ ድግሱ ተደግሷል፤ ሙሽራው ካልመጣ ልጄን ቆሞ ቀር ብለው ሊያሟት ነው። ጽድቅህን ይዘህ ቁጭ በል።»

ይርዳው ልጁን ይወዳት ነበር። በእርሱ አንድ ቃል የልጁ ሕይወት ሊሰበር እንደሚችል ያውቅ ነበር። ቅዳሜ ማታ ወደ ክፍሏ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ውባለም፣ ተቀይመሽኛል?»

«ከጓዳ ሆኜ ስሰማ ነበር አባዬ።» ዐይኗ አብጦ ነበር። «ያ ቤት ውስጥ ብገባ እማዬ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ከነዘንቢሏ በጓደኞቿ ራስ ላይ ተረማምዳ ነው የምትገባው? አልፈልገውም። ነገር ግን ታዲዮስ ካልመጣ…» አልጨረሰችም።

«ካልመጣ?»

«ካልመጣ አላውቅልህም። እውነቱን ልንገርህ፤ አላውቅልህም።»

ይህን ይዞ አደረ። ጸሎቱን ጀመረ፤ አልሄደለትም። እውነት ተናግሮ እንቅልፍ ያጣ ሰው በዚህ ጉባኤ ውስጥ ካለ፣ ይህን አባት ያውቀዋል።

እሑድ ነጋ። እንግዶች መጡ፤ ዳሱ ሞላ። የሙሽራው ሰዓት ደረሰ፤ አለፈም። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። ጋሽ ጌጡ እንኳ ቀልድ አጣ። ይርዳው ኮቱን ለብሶ በበሩ ላይ ቆሟል፤ አንገቱ ግን እንደ ልማዱ ቀና አላለም።

ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ሰዎች በእግራቸው ሲመጡ ታዩ። ታዲዮስ ነው፤ አብረውት የሚያስተምሩ ጓደኞቹን አስከትሎ፤ መኪና የለ፣ ጥሩንባ የለ። በእጁ ትንሽ ሻንጣ ይዟል። ደጃፉ ላይ ደርሶ የአማቱን ጉልበት ሳመ።

«አባቴ አይመጣም» አለ። «ከየት ነው ብዬ እኔም ጠየቅሁት። ለአንተ ብዬ ነው አለኝ። ለእኔ ከሆነ አልፈልገውም አልሁት። ከዚህ በላይ ልነግርዎት አልችልም፤ አባቴ ነው።»

ሻንጣው ተከፈተ። ከደመወዙ የገዛው አንድ የሐበሻ ቀሚስና አንድ ቀለበት ነበረበት። ሚዜው ቀሚሱን ከፍ አድርጎ አሳየ። ሁሉም ወደ ጋሽ ጌጡ ተመለከተ፤ ሥርዓቱ ያስገድደዋልና። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ነገር ግን ቃል ሳያወጣ ከጓዳው በር ወይዘሮ ስንዱ ድምፅ አሰማች።

«ይበቃናል» አለች። «አንተ ዝም በል ጌጡ፤ ይበቃናል።»

እልልታው ከዳሱ ጓሮ ጀመረ፤ ከገበያተኞቹ። እልልታ በብዙ ሠርግ ላይ ትሰማላችሁ። ያ ግን ለሙሽሪት ብቻ የተባለ እልልታ አልነበረም።

ይርዳው በዚያ ቀን አንገቱን ቀና አደረገ። ይኩራ። እንዲህ ባለ ኩራት የሚኮራ ሰው ያላት ከተማም ትኩራ። ነገር ግን የአስናቀን የክብር ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት አዘዘ፤ ወንበሩም ግብዣው እስኪያልቅ ባዶውን ቆየ። ሲያልፍ ሲያገድም ያየው ነበር። ደስ አላለውም።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ሰው አንድ ጊዜ «ከየት?» ሲባል ከሰማ፣ ቃሉ ከጆሮው አይወጣም። የወረዳው ምክር ቤት ለሕዝብ ክፍት ስብሰባ በጠራ ጊዜ ገበያተኞቹ ከነጃንጥላቸው ገብተው ተቀመጡ። የተነሣችው ማን ነበረች? ያቺው ወይዘሮ ስንዱ።

«እኔ ስለ ፎቁ አላወራም» አለች። «ፎቅ አላውቅም። እኔ የምጠይቀው ስለ ጥላው ነው። ቃል የተገባልን ጥላ የት ሄደ?»

ሰብሳቢው «ጥያቄው ይመዘገባል» አላት።

«መመዝገቡንስ ይመዝገብ። እኛ ግን መልሱን ሰምተን ነው የምንሄደው፤ በርበሬውን ለልጆች ሰጥተን መጥተናል።»

አልተነሡም። ምክር ቤቱም መጠየቅ ግድ ሆነበት። የሜዳው ጉዳይ ተመረመረ፤ የአስናቀ ሀብት ተመረመረ፤ ነገሩ ለፍርድ ቤት ደረሰ። አስናቀ ተፈረደበት፤ ፎቁም ለከተማዋ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢቆም ደስ የሚላችሁ አላችሁ፤ አውቃለሁ። ሌባ ተያዘ፤ እኛ ጻድቃን ነን፤ ወደ ቤታችን እንሂድ። ነገር ግን የሆነውን ስሙ።

አስናቀ በታሰረ ሳምንት፣ የጠያቂ ቀን፣ አንድ ሰው ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ በማረሚያ ቤቱ ደጅ ተሰለፈ። የተተኮሰ ኮት ለብሷል። ተራው ደርሶ ገባ። አስናቀ ሲያየው ፊቱን አዞረ።

«ልትስቅብኝ መጣህ?»

«ስንቅ ይዤ መጣሁ። ስንዱ ናት የሠራችው፤ በርበሬው በዝቷል፤ ሆን ብላ ይመስለኛል።»

አስናቀ ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም። በሹመቱ ዘመን ቤቱ ይርመሰመስ ከነበረው እንግዳ፣ ካጨበጨበለት፣ ካጎነበሰለት፣ ጠረጴዛው ላይ ከበላ ሰው አንድ እንኳ በዚያ ደጅ አልተሰለፈም ነበር።

«ለምን መጣህ ጋሽ ይርዳው?»

«ዘመድ ነን።»

«በዚያ ሐሙስ ስትጠይቀኝ ጠላቴ መስለኸኝ ነበር።»

«ዘመዴ ባትሆን አልጠይቅህም ነበር» አለ ይርዳው። «ጠላትህማ እያጨበጨበ ወደ ገደሉ ጫፍ ሸኘህ። እኔም ብዙ ዘገየሁ። ፎቁ ገና መሠረቱ ሲቆፈር መጥቼ ከየት ነው ብልህ፣ ዛሬ ይህን ምሳ በቤትህ እንበላው ነበር።»

አስናቀ ምሳ ዕቃውን ተቀበለ። ሁለቱም በአንድ ላይ በሉ።

ምእመናን፣ አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

ከእናንተ መካከል የተሾመ ወንድም ያለው የለምን? የተሾመ አጎት፣ የተሾመ የክርስትና ልጅ፣ አብሮ አደግ? አለ። ሲሾም ምን አላችሁት? «እንኳን ደስ ያለህ፤ እኛንም አትርሳን» አላችሁት። መኪና ሲገዛ ምን አላችሁት? «ይጨምርልህ» አላችሁት። ቤት ሲሠራ በግ ይዛችሁ ሄዳችሁ፤ ወጡን እየበላችሁ ግድግዳውን በዐይናችሁ ለካችሁ፤ ስትወጡ «ከየት አምጥቶት ይሆን?» ተባባላችሁ። ለማን ነው የጠየቃችሁት? ለእርሱ ነውን? አይደለም። ለአጥሩ ነው የጠየቃችሁት።

ሕግ ይኑር፤ መርማሪ ይኑር፤ ሹም ሀብቱን ያሳውቅ ይባል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ከረፈደ በኋላ ነው። ቀድማችሁ የምትደርሱት እናንተ ናችሁ፤ በጠረጴዛው ዙሪያ የምትቀመጡት፣ በስሙ የምትጠሩት፣ ሊያስወጣችሁ የማይችለው። ሚስት ሆይ፣ ባልሽ ያመጣውን ከመቀበልሽ በፊት ጠይቂው። ልጅ ሆይ፣ «ለአንተ ብዬ ነው» የሚልህን አባት ጠይቀው፤ በስምህ እየተሠራ ያለው ነገር በአንተ ላይ የሚጻፍ ነውና።

እኛም በዚህ ዐውደ ምሕረት ላይ የቆምን ከዚህ ጥያቄ አናመልጥም። ትልቅ ስጦታ ሲመጣ በድምፅ ማጉያ ስሙን እየጠራን «እግዚአብሔር ይስጥልን» እንላለን። ከየት እንደ መጣ የጠየቅንበት ቀን አለ? ሕዝቡ ከእኛ ካልተማረ ከማን ይማር?

ይህች አገር የሚጠየቅ ሹም ብቻ አጥታ አይደለም፤ የሚጠይቅ ዘመድ አጥታለች። ጥያቄ ጥላቻ አይደለም። በሰው ላይ ተስፋ የቆረጠ ሰው አይጠይቅም፤ ዝም ይላል፤ ጥፋቱንም ይጠብቃል። የጠየቃችሁት ሰው ገና የእናንተ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ከሹመኛ ዘመዳችሁ ደጅ ትሄዱ ይሆናል። በክብር ሰላም በሉት፤ ከማዕዱም ቅመሱ። ከዚያም ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ ሳታደርጉ፣ የምትወዱትን ሰው እንደምትጠይቁ ጠይቁት። ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ። በኋላ ስንቅ ይዞ ከመሰለፍ፣ ዛሬ ቁጣውን መሸከም ይሻላል።

ጠይቆ የማያፍር ሕዝብ፣ ተጠይቆ የማይቆጣ ሹም ያድርገን። አሜን።